አምስት፣ አምስት፣ አምስት ደቂቃ

ባለፈው ወር አንድ መምህር ደወለልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ ነው። «ጋዜጠኛ ነህ፣ የከተማችን ልጅ ነህ፣ መጥተህ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ስለ ሙያህ ትንሽ ንገርልኝ» አለኝ። ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ እየጻፍኩ በየፊናው ለሚገዛኝ የምሸጥ ሰው ነኝ። ጊዜ አላጣም። እሺ ብዬ ሄድኩ።

የክበቡ ክፍል ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሲከፈት፣ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከዴስኮቹ ጀርባ ያ የጥንቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን አቧራ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ጥግ ላይ አንድ ሞንታርቦ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ገመዱ የተበጠሰ ማይክ አሉ።

መዝገቡ ላይ የክበቡ አባላት 46 ናቸው። የመጡት ሰባት ናቸው።

«ክበቡ አለ ማለት ይቻላል?» አልኩት መምህሩን፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በሪፖርት አለ» አለኝ። አልሳቀም።

ተናገርኩ፤ ልጆቹ በትሕትና ሰሙኝ። ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ክበብ ውስጥ መግባት ውጤት ይቀንሳል እንዴ? አባቴ ይቀንሳል ይለኛል።»

ውጤትሽ አይቀንስም ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። በምን አውቄ? አባቷን ደግሞ በምን ልከራከረው? «እስቲ አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ይህ ጽሑፍ የዚያች ልጅ መልስ ነው። ዘግይቷል፤ ረዝሟልም።

*

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው።

ድሬዳዋ ላላደጋችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሦስት ቋንቋ ይሰጣል፦ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ እና በሶማሊኛ። ሠፈር ውስጥ ሁላችንም ሁሉንም እንናገራለን። ኳስ ስንጫወት ስድባችን እንኳ የሦስቱም ድብልቅ ነው። ብዕር ስንይዝ ግን እንለያያለን። እኔ ለገሀሬ አድጌ ሳይንሱን የተማርኩት በአማርኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ዴስክ የተጋራኝ ልጅ ከመልካ ጀብዱ የመጣ ነው፤ እሱ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረው። ከኋላችን የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ በሶማሊኛ። ሦስታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው» ተባልን።

ያም አልበቃ ብሎ ፕላዝማው መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍሉ የሚለቀቅበት ዘመን ነበር። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ወንበር ይዞ እንደኛው ያያል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ «ጎበዝ» ብላ ታልፋለች። እኛ ገና የጥያቄዋን የመጀመሪያ ቃል እየፈታን ነው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በጩኸት ይሞላ ነበር፤ በደስታ። አሁን ሳስበው ያ ደስታ ያሳዝነኛል። 60 ልጅ ለመማር መጥቶ ትምህርቱ ሲቋረጥ የሚጮኸው፣ ከመጀመሪያውም እሱን የሚያናግረው ስላልነበረ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እንግዲህ ይህ ነበር፦ ሦስት ቋንቋ ያላቸው፣ በአራተኛው ድዳ የሆኑ ልጆች።

*

በጥቅምት አካባቢ ዩኒት ሊደሩ ወረቀት ይዞ ክፍላችን ገባ። «ሁሉም ሰው አንድ ክበብ ይመዝገብ፤ ግዴታ ነው» አለ። ፀረ ኤድስ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቋንቋ፣ ስፖርት፣ ሚኒ ሚዲያ። ብልጦቹ ነባር ተማሪ ጠይቀው ስብሰባ የማይጠራውን ክበብ መረጡ። ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ እነሱ ቤታቸው ይተኛሉ።

እኔ ሚኒ ሚዲያን የመረጥኩት ጋዜጠኛ ልሁን ብዬ አይደለም። እውነቱን ልናገር፦ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቀጥሎ ማራገቢያ ያለው ክፍል እሱ ብቻ ስለነበር ነው። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

ትምህርት ቤታችን እስከ አሥረኛ ክፍል ብቻ ስለነበር አሥረኞች ነገሥታት ነበሩ። እነሱ ማይክ ይይዛሉ፤ እኛ ዘጠነኞች ገመድ እንጠቀልላለን፣ ሞንታርቦ እንሸከማለን፣ ካሴት በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ድምፄ በማይክ አልተሰማም። አንድ ጊዜ ብቻ «ሙከራ፣ ሙከራ» ብያለሁ።

ስርጭቱ በዕረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ በአማርኛ፣ አምስት በአፋን ኦሮሞ፣ አምስት በሶማሊኛ። ማን ይጀምር የሚለው በየሳምንቱ ይዞራል። የእጅ ሰዓት ያለው አንድ ልጅ ነበር፤ እሱ ዳኛ ነው። አምስት ደቂቃህ ሲሞላ ትከሻህን ይነካሃል፤ ዓረፍተ ነገር ባትጨርስም ማይኩን ታስረክባለህ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተጣልተናል። «እናንተ ዘፈን ጨምራችሁ ሰባት ደቂቃ ወሰዳችሁ!» «ትናንት የእናንተ ሰባት ነበር!» ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ገባን፦ ሌላው እንዲሰማህ ከፈለግክ የሌላውን አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለብህ።

የዚህን ከተማ ፖለቲካ የምትከታተሉ 40-40-20 የሚባለውን የሥልጣን ክፍፍል ታውቁታላችሁ። ስንት ዓመት እንዳጨቃጨቀን፣ ስንቱን ወጣት አደባባይ እንዳስወጣ ታውቃላችሁ። ታላላቆቻችን ከተማዋን በመቶኛ ሲካፈሉ እኛ 15 ደቂቃን በእጅ ሰዓት እንካፈል ነበር። የእኛ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም፤ ልጆች ነበርን፣ የምንካፈለውም በጀት ወይም ሥልጣን አልነበረም። ነገር ግን ስለ ድርሻ መከራከርን፣ ተከራክሮም በማግስቱ በአንድ ክፍል አብሮ መሥራትን የተማርኩት እዚያ ነው። ሌላ የተማርኩበት ቦታ የለም።

*

ሁለተኛውን ነገር የተማርኩት ከአንዲት አሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። የአማርኛው ክፍል ኃላፊ ነበረች። አንድ ቀን ሮጬ ገባሁና «ዜና አለኝ! ፈተና በሁለት ሳምንት ተራዘመ» አልኳት።

«ከማን ሰማኸው?»

«ሁሉም ሰው እያወራው ነው።»

«ሁሉም ሰው ስም አለው? ሂድና ዩኒት ሊደሩን ጠይቀው።»

ሄድኩ፤ የለም። ተመለስኩ። «ድገም» አለችኝ። በሦስተኛው አገኘሁት። ፈተናው አንድ ቀን እንኳ አልተራዘመም ነበር። ያን ወሬ በማይክ ብናነበው ኖሮ መላው ግቢ ደብተሩን ዘግቶ ይሄድ ነበር።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጋዜጠኝነት ተማርኩ፣ ቢኤ ያዝኩ። ስለ ምንጭ፣ ስለ ማጣራት፣ ስለ ሚዛናዊነት ብዙ ገጽ አነበብኩ። ያን ሁሉ ጨምቃችሁ አንድ ጠብታ ብታወጡ «ከማን ሰማኸው?» ነው። ያቺ ልጅ ያኔ 16 ወይም 17 ዓመቷ ነበር።

*

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ በወዲያ ከዚራ፣ በወዲህ መጋላ። ወንዝ ስል ውኃ አይምሰላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ጋ ሳይሆን ደገኛው ሐረርጌ ላይ ነው፤ ጎርፉ ግን ወደ እኛ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከተማው ውስጥ ሐዘን ያልገባበት ሠፈር አልነበረም።

መስከረም 1999 ትምህርት ተከፈተ። እኔ አሥረኛ ሆኛለሁ፤ ማይክ የምይዝበት ዓመት መጣ። በመጀመሪያው ሰኞ ዩኒት ሊደሩ ክፍላችን ገብቶ ወረቀት ሰጠን። ሦስት ስሞች አሉበት። ባለፈው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ከእኛ ጋር የነበሩ ናቸው። «ነገ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ስማቸው ይነበባል፤ ከዚያ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት» አለን።

ከሰዓት በኋላ ለመለማመድ ተሰበሰብን። እኔ አነበብኩ። የመጀመሪያውን ስም በሚገባ ጠራሁት። ሁለተኛውን ስጠራ የሶማሊኛው ክፍል አንባቢ «እንደሱ አይደለም» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በአማርኛ ፊደል ነው፤ የስሙ መነሻ ድምፅ ግን ከጉሮሮ የሚወጣ፣ በአማርኛ ፊደል የማይያዝ ነበር። ደገምኩት። «አይደለም።» ደግሜ ሞከርኩ። አንዱ «አቦ ተዪው፣ ማን ይሰማዋል?» አላት። ቀና ብላ አየችውና «እናቱ ትመጣለች» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እከተላለሁ። የአፋን ኦሮሞው አንባቢ ደግሞ ሦስተኛውን ስም አስተካከለልን፤ እሱንም እያጠበቅን መጥራት የሚገባንን ድምፅ እያላላን ነበር። እስከ ምሽት ተቀመጥን። በመጨረሻም እንዲህ ወሰንን፦ እያንዳንዳችን ከራሳችን ቋንቋ ያልሆነውን ስም እናነባለን። ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አላስታውስም። ዩኒት ሊደሩን አላስፈቀድንም።

በማግስቱ አነበብን። የኔ እጅ ወረቀቱን ያንቀጠቅጠው ስለነበር ማይኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ሰልፍ ላይ ያ ሁሉ ተማሪ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲያበቃ ከበሩ አጠገብ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ወደ ሞንታርቦው እያየች ቆማ ነበር። እናቱ መሆኗን አላረጋገጥኩም፤ ሄጄ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጋዜጠኛ ሆኜ ስንት ዓመት፣ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ብዬ የማስበው እሱን ነው።

*

ይህን የምነግራችሁ ክበባችን ገነት ነበር ለማለት አይደለም። ነውሩም ብዙ ነው።

ከ14 አንባቢና ጸሐፊ ሴቶቹ ሦስት ነበሩ። ክበቡ የሚሰበሰበው ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ሴት ልጁን መልሶ አይልክም፤ የቀሩትም ግጥም እንዲያነቡ እንጂ ዜና እንዲሠሩ አይታሰብም ነበር። ያቺ «ከማን ሰማኸው?» ያለችኝ ልጅ ቦታዋን የያዘችው ተጣልታ ነው። ሌላው፣ ግማሹ ዝግጅታችን ከበራሪ ወረቀት የተገለበጠ ነበር። ስለ ኤድስ ያነበብነውን ራሳችንም አንሰማውም። አንድ ጊዜ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ስለማጣቱ ዜና ሠርተን ነበር። «እንዲህ ያለው በስብሰባ ይነሳል እንጂ በማይክ አይነበብም» ተብለን ቀረ። ቅድመ ምርመራ ምን እንደሆነም የተማርኩት እዚያው ነው ማለት ነው።

*

አሁን ወደ ዛሬ። አንድ አስተማሪ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «አገሩ በፈተና እየወደቀ አንተ ስለ ሞንታርቦ ታወራለህ» አለኝ።

እውነት አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ካስታወሳችሁ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቹ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቹ 5.4 በመቶ ነበሩ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉበት ዓመት አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ያለ የሌለ አቅሙን 12ኛ ክፍል ላይ ቢያፈስ አልፈርድበትም። የሚገመገመው በዚያ ነው። ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ እሑድ ማጠናከሪያ፣ ጎበዝ መምህር ሁሉ ወደ 12ኛ።

ግን እስቲ እናስብ። በእኛ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ጨካኝ ፈተና ነበር፤ ስንቱን ወዳጄን ከመንገድ አስቀርቷል፣ በመቅረቱ አላዝንም። ነገር ግን በዚያ ፈተና ምክንያት ዘጠነኛና አሥረኛን የሚያያቸው ሰው ነበር። ፈተናው ሲቀር የሚያያቸው ሰውም አብሮ ቀረ። ዛሬ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ማለት ማንም የማይጠይቅባቸው ሁለት ዓመታት ናቸው። 12ኛ ክፍል ላይ የምናየው ጉድጓድ ግን የሚቆፈረው እዚያ ነው። በሦስት ቋንቋ ተምሮ የመጣ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አፉን ካልፈታ፣ 12ኛ ላይ በቅዳሜ ማጠናከሪያ አይፈታም።

ክበብ ውጤት ያሻሽላል የሚል ጥናት ይዤ አልመጣሁም። የማውቀው ራሴንና አብረውኝ የነበሩትን ነው። ያ ከመልካ ጀብዱ የመጣው የዴስክ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም፤ በማይክ ግን በአፋን ኦሮሞ ያነብ ነበር፣ ያውም በኩራት። አሥረኛ ክፍል ላይ የእንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ እንጨምር ብሎ ያስቸገረን እሱ ነው። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ለመናገር የሚደፍረው መጀመሪያ በሚያውቀው ሲደመጥ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ ኪሱ ውስጥ ሚኒ ሚዲያ አለው። ቴሌግራም አለው፣ ቲክቶክ አለው። ድምፁ ከግቢ አልፎ አገር ይሰማል። የሌለው ትከሻውን የሚነካው ልጅና «ከማን ሰማኸው?» የምትለው ልጅ ናቸው። ባለፉት ዓመታት ይህች ከተማ ከአንድ ጊዜ በላይ ተረብሻለች። በእያንዳንዱ ግርግር ውስጥ እሳቱን ያቀጣጠለ ወይም ያራገበ ወሬ እንደነበረ እዚህ የኖረ ያውቃል። ወሬውን የሚያዛምቱት ደግሞ ብዙ ጊዜ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ስልኮች ናቸው። ልጆቹን እንወቅሳለን። ማጣራትን የት ይማሩት? ክፍሉ በዴስክ ተሞልቷል።

*

ሚሊዮን ብር አልጠይቅም። የምጠይቀው እነዚህን ነው፦

አንደኛ፣ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለክበብ ይሰጥ፤ መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ። ከሰዓት በኋላ ከተደረገ ሴቶቹ ይቀራሉ፤ አይተነዋል።

ሁለተኛ፣ የክበብ ተጠሪ መምህር ሥራው እንደ ክፍለ ጊዜ ይቆጠርለት። አሁን የሚሠራው በፍቅሩ ነው፤ ፍቅር ደግሞ በዚህ የኑሮ ውድነት ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ሚኒ ሚዲያ ባለበት ሁሉ የግቢው ቋንቋዎች እኩል ደቂቃ ይኑራቸው። ሰዓት የሚይዝ ልጅ ይመደብ። በቃ።

አራተኛ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ዜና ይነበብ።

አዎ፣ ለዚያች ልጅና ለአባቷ መልስ ቃል ገብቼ ነበር።

አባቷን እረዳዋለሁ። ልጁ እንድታልፍለት ይፈልጋል። እኔ ብሆንም እፈራ ነበር። መልሴ ይህ ነው፦ ክበብ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤትሽን ሊቀንስ የሚችልበት ሳምንት ይኖራል። የፈተና ሰሞን ከሆነ ቅሪ፤ ማንም አይቀየምሽም። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተማርኩትን የፊዚክስ ቀመር ዛሬ አንድም አላስታውስም። የዚያን ልጅ ስም ግን እስከ ዛሬ አስተካክዬ እጠራዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ተመልሼ ሄጄ ነበር። መምህሩና ሰባቱ ልጆች ዴስኮቹን ወደ ኮሪደር አውጥተዋል፤ የማይኩን ገመድ ከመጋላ አንድ ጠጋኝ በ50 ብር ቀጥሎላቸዋል። ሞንታርቦው መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ከዚያ ያዘ። አንዱ «አንድ፣ ሁለት» አለ። አንዱ «ቶኮ፣ ለማ» አለ። አንዷ «ኮው፣ ለባ» አለች። ያቺ ጠያቂዬ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም።

እናንተ ስትማሩ የየትኛው ክበብ አባል ነበራችሁ? በሪፖርት ነው ወይስ በእውነት? ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። መምህራን ካላችሁ ደግሞ የክበባችሁ ክፍል አሁን ምን እንደተከማቸበት ንገሩን።

ቸር እንሰንብት።